የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነሥራቸው ማጥናት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎችና ሠራተኞች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ቃሉን ዛሬ አጠናዋለሁ፣ በሳምንቱ ግን ይጠፋብኛል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ደሴ ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከሚዘጋጁ ተማሪዎች፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠሩ ወጣቶችና ከጤና ባለሙያዎች በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል የምመልሰውን በጽሑፍ ማስቀመጡ የተሻለ ስለሆነ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ቃላት የሚጠፉት ጠያቂዎቹ እንደሚያስቡት በማስታወስ ችሎታ ማነስ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ቃል ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ለብቻው ስለሚሸመደድ ነው። ስለዚህ ቃሉን ወደ ክፍሎቹ ይፈቱታል፣ ከክፍሎቹ ትርጉሙን ይገምታሉ፣ ከዚያም ግምትዎን በመዝገበ ቃላት ያረጋግጣሉ። ከሦስቱ አንዱን መዝለል ግድ ቢሆንብዎ እንኳ ማረጋገጡን አይዝለሉ።

አሠራሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ከፈተ»ን የሚያውቅ ሰው «ክፍት»፣ «ከፋች»፣ «መክፈቻ»፣ «አስከፈተ» የሚሉትን ለየብቻ አይሸመድድም፤ ሦስቱን የሥር ፊደላት በሰማ ጊዜ ጉዳዩ ስለ መክፈት መሆኑን ያውቃል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ሆኖ ከፊቱ መነሻ ቅጥያ፣ ከኋላው መድረሻ ቅጥያ ይቀበላል። በተለይ የትምህርት፣ የሕክምና፣ የንግድና የአስተዳደር ቃላት በብዛት ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ስለሆኑ ለዚህ አሠራር ይመቻሉ።

በዚህ መመሪያ የእንግሊዝኛ ቃላትን የጻፍኩት በራሳችን ፊደል ነው። እርስዎ ግን እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልገው በደብተርዎ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፉት። ሲፈልጉት ትርጉሙንና አጻጻፉን በአንድ ጊዜ ስለሚያገኙ ፍለጋው ራሱ የጥናቱ ክፍል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 50 ሉክ ደብተር። ለአንድ ሥር አንድ ሙሉ ገጽ ይመድባሉ፤ ገጹ ወዲያው ባይሞላም ለሌላ ሥር አይጠቀሙበት፣ ዘመዳሞቹ ቃላት ከወራት በኋላም ይመጣሉና።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ። ሰማያዊው ለግምት፣ ቀዩ ለተረጋገጠው ነው።
- ከካርቶን ወይም ከወፍራም ወረቀት የተቆረጡ፣ በኪስ የሚያዙ ትንንሽ ካርዶች።
- የቃላትን ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት። ለተማሪ የሚታተሙ ትንንሽ መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ ትርጉም እንጂ ምንጭ አይጽፉም። በስልክ የሚከፈተው ዊክሽነሪ ግን «ኢቲሞሎጂ» በሚል ርዕስ ሥር ምንጩን በነጻ ያሳያል። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ጥናቱ እንዳይቋረጥ የታተመ መዝገበ ቃላትም አጠገብዎ ይኑር።
- ከትምህርትዎ ወይም ከሥራዎ የተገኘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፦ የባዮሎጂ መጽሐፍ፣ የማሽን መመሪያ፣ የጭነት ሰነድ።

ደረጃ 1፦ ከሚያውቋቸው ቃላት ይጀምሩ

በአማርኛ ንግግር ውስጥ ሳያስቡት የሚጠቀሙባቸውን 20 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት ይዘርዝሩ። ዝርዝሩን ለመሙላት ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ እየሄዱ በግራና በቀኝ ያሉ ሰሌዳዎችን ማንበብ ይበቃል፦ ፎቶ ኮፒ፣ ዴንታል ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪ፣ ትራንስፖርት፣ ኮንስትራክሽን። በቤት ውስጥ ደግሞ ቴሌቪዥን፣ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አለ።

ከዚያ በሁለት ቃላት ውስጥ የሚደጋገመውን ክፍል ይፈልጉ። «ማይክሮስኮፕ» እና «ቴሌስኮፕ» በ«ስኮፕ» ይገናኛሉ፤ ስኮፕ በግሪክ ከማየት ጋር የተያያዘ ነው። «ማይክሮ» ትንሽ፣ «ቴሌ» ሩቅ ማለት በመሆኑ አንዱ ትንሹን፣ ሌላው ሩቁን ማሳያ መሣሪያ ይሆናል። «ቴሌ»ን ካወቁ ደግሞ «ቴሌፎን» የሩቅ ድምፅ፣ «ቴሌቪዥን» የሩቅ እይታ መሆኑ ይገለጣል፤ «ፎን» ድምፅ፣ «ቪዥን» እይታ ነውና። በዚህ መንገድ መጀመር የሚጠቅመው የእነዚህ ቃላት ትርጉም አስቀድሞ በአእምሮዎ ስላለ፣ አዲስ የሚማሩት ክፍሎቹን ብቻ ስለሚሆን ነው።

ዐረብኛ የቀራ ሰው ተጨማሪ መነሻ አለው፤ በእኛ አካባቢ ይህ ብዙ ሰው ነው። «አልጀብራ»፣ «ዚሮ»፣ «ኮተን»፣ «አልኮል» ሁሉም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የእኛው «መጋዘን» እና በእንግሊዝኛ መጽሔት ማለት የሆነው «ማጋዚን» እንኳ የሚገናኙት ማከማቻዎች ማለት በሆነው በዐረብኛው «መኻዚን» ላይ ነው። የግዕዝ ፊደላትን ስም የሚያውቅም «አልፍ» እና «ቤት» በ«አልፋቤት» ውስጥ ዘመዶቻቸውን ያገኛል።

ደረጃ 2፦ ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ይፍቱ

«ትራንስፖርቴሽን»ን እንውሰድ። መጀመሪያ መጨረሻውን ይመልከቱ፦ «ኤሽን» ቃሉ የድርጊት ስም መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ መጀመሪያውን፦ «ትራንስ» ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማሻገርን ያመለክታል። የቀረው «ፖርት» በላቲን መሸከም ነው። ሲገጣጠም ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ተሸክሞ የማድረስ ሥራ ይሆናል። ከኋላ የምንጀምረው መድረሻው ቃሉ ስም፣ ቅጽል ወይም ተውሳከ ግሥ መሆኑን አስቀድሞ ስለሚነግረን ነው፤ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ሲሞሉ ከትርጉሙ በፊት የሚያስፈልግዎ ይህ ነው።

ቅጥያዎቹን ለመያዝ አማርኛውን አጠገባቸው ይጻፉ። «ፕሪ» ቅድመ፣ «ፖስት» ድኅረ ነው፤ ድኅረ ምረቃን ያስታውሱ። «አንቲ» ፀረ ነው፣ በፀረ ተባይ እንደምናውቀው። «ሰብ» በንዑስ ኮሚቴ ያለው ንዑስ ነው፤ «ለስ» አልባ ነው፣ «ዋየርለስ»ን ገመድ አልባ እንደምንለው። «ኢንፎርማል»ም ኢ-መደበኛ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። አፍራሹ «ኢን» የሚቀጥለውን ድምፅ እየተከተለ ይለወጣል፦ በ«ኢምፖሲብል» ኢም፣ በ«ኢሊጋል» ኢል፣ በ«ኢሬጉላር» ኢር ይሆናል። አንድ ቅጥያ እንጂ አራት አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ገጽ ይመዝግቡት። በሌላ በኩል «ኢን» ወደ ውስጥ የሚል ፍጹም የተለየ ትርጉምም አለው። «ኢንቪዝብል» የማይታይ ሲሆን «ኢንጄክሽን» ግን ወደ ውስጥ መወርወር፣ ማለትም መርፌ መውጋት ነው። ሁለቱን «ኢን»ኦች በሁለት ገጽ ይለያዩዋቸው።

ደረጃ 3፦ የሥሩን ዘመዶች በአንድ ገጽ ይሰብስቡ

ሥሩን በገጹ አናት ላይ ከነትርጉሙ ይጻፉና ዘመዶቹን ከሥሩ ይደርድሩ። ለኮምቦልቻ ሰው ከ«ፖርት» የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም፤ ቃሉን በየቀኑ በጭነት መኪናና በሰነድ ላይ ያየዋልና። «ኢምፖርት» ወደ ውስጥ መሸከም፣ «ኤክስፖርት» ወደ ውጭ መሸከም፣ «ፖርተብል» ሊሸከሙት የሚቻል፣ «ሪፖርት» ወሬን ተሸክሞ መመለስ፣ «ሰፖርት» ከታች ሆኖ መሸከም ማለትም መደገፍ፣ «ዲፖርት» ከአገር ማስወጣት ነው። ስድስቱን በአንድ ገጽ ያየ ሰው ሰባተኛውን በሚያገኝበት ቀን ከባዶ አይጀምርም።

ሆኖም የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ «ድራይ ፖርት» ሲባል ያለው «ፖርት» ከዚህ ገጽ አይገባም። ወደብ ማለት የሆነው ቃል የመጣው «ፖርቱስ» ከሚባል ሌላ የላቲን ቃል ሲሆን፣ መሸከም ማለት የሆነው ደግሞ «ፖርታሬ» ነው። ዕድል ማለት የሆነው «ኦፖርቹኒቲ» እንኳ ምንጩ የወደቡ ቃል ነው፣ ወደ ወደብ የሚነፍስ ነፋስን ከሚገልጽ አነጋገር የመጣ ነውና። «ፖርሽን» ደግሞ ድርሻ ማለት ሆኖ ከሁለቱም ውጭ ነው። ገጹን ሲሞሉ በድምፅ የመሰለውን ሁሉ እንዳይሰበስቡ ይህን ምሳሌ በገጹ ግርጌ በቀይ ይጻፉት።

በቀን ከአንድ ሥርና ከአምስት ወይም ከስድስት ዘመዶቹ በላይ አይጨምሩ። ብዙ ሥሮች በአንድ ቀን ሲገቡ ይቀላቀላሉ፤ በተለይ የሚመሳሰሉት። «ኮንትራክተር» እና «ኮንስትራክሽን» አብረው ስለሚነገሩ ብዙ ሰው ከአንድ ሥር የወጡ ይመስሉታል። የመጀመሪያው ግን መሳብ ከሚለው «ትራክት» ነው፣ «ትራክተር» የሚስብ እንደሆነው ሁሉ፤ ሁለተኛው መገንባት ከሚለው «ስትራክት» ነው። እንዲህ ያሉትን ቢያንስ በሳምንት አራርቀው ያጥኗቸው።

ደረጃ 4፦ በሰማያዊ ይገምቱ፣ በቀይ ያረጋግጡ

አዲስ ቃል ሲያጋጥምዎ መዝገበ ቃላቱን ከመክፈትዎ በፊት ግምትዎን በሰማያዊ ይጻፉ፤ ከዚያ ከፍተው ትክክለኛውን በቀይ ያስፍሩ። መገመቱ ቃሉን እንዲታገሉት ያስገድዳል፣ ሲታገሉት የቆዩት ቃል ደግሞ ዝም ብለው ካነበቡት ይልቅ ይቆያል። ግምቱ ስሕተት ቢሆን አይሰርዙት፤ በሰማያዊውና በቀዩ መካከል ያለው ልዩነት ቃሉን ሲያስታውስዎ ይኖራል።

ማስጠንቀቂያ፦ በነዳጅ ቦቴ ወይም በኬሚካል በርሜል ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ቃል ካዩ «ኢን» አፍራሽ ነው ብለው የማይቃጠል እንደሆነ አይገምቱ። ቃሉ የመጣው ማንደድ ከሚለው የላቲን ግሥ ሲሆን ትርጉሙ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ «ፍላመብል» ከሚለው ጋር አንድ ነው። የማይቀጣጠለው «ነንፍላመብል» ይባላል። በፋብሪካ፣ በጋራዥ ወይም በማደያ የሚሠራ ሰው ይህን ከሁሉ በፊት ይወቅ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጤና ተማሪዎችና ባለሙያዎች «ሃይፐር» እና «ሃይፖ» የሚሉትን ቅጥያዎች በጆሮ ብቻ አይያዙ። የመጀመሪያው ከልክ በላይ፣ ሁለተኛው ከልክ በታች ነው። «ሃይፐርግላይሴሚያ» በደም ውስጥ ስኳር መብዛት፣ «ሃይፖግላይሴሚያ» ስኳር ማነስ ስለሆነ የሚደረገው እርዳታ ተቃራኒ ነው። በካርድ ላይ ሲጽፉ ከአንዱ አጠገብ ወደ ላይ፣ ከሌላው አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት በቀይ ያድርጉ፣ ጮክ ብለውም እየለያዩ ያንብቧቸው።

ደረጃ 5፦ አጻጻፉን ከሥሩ ይማሩ

የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያለ ሕግ የተበተነ የሚመስለው ምንጩ ሲዘነጋ ነው። ከግሪክ በመጡ ቃላት ውስጥ የ«ፍ» ድምፅ በአብዛኛው የሚጻፈው በፒ እና በኤች ነው፦ ፎቶ፣ ግራፍ፣ ፊዚክስ። የ«ክ» ድምፅም በብዙዎቹ በሲ እና በኤች ይጻፋል፣ በ«ኬሚስትሪ» እና በ«ካራክተር» እንደሚታየው። «ሳይኮሎጂ» ከፊቱ የማይነበብ ፒ ያለውም ግሪክ ስለሆነ ነው። ምልክት ማለት የሆነው «ሳይን» ውስጥ ያለው የማይነበብ ጂ ደግሞ «ሲግኔቸር» ሲባል በግልጽ ይሰማል፤ ዘመዱን ያወቀ ሰው ፊደሉን አይረሳውም።

አነባበብ ግን ከሥሩ አይገኝም። «ፎቶግራፍ» ላይ የሚጠብቀው፣ ማለትም ጎላ ብሎ የሚነገረው፣ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ሲሆን «ፎቶግራፈር» ላይ ሁለተኛው፣ «ፎቶግራፊክ» ላይ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ በስልክ መዝገበ ቃላት የድምፅ ምልክቱን ተጭነው ይስሙና የሚጠብቀውን ክፍል ከሥሩ ያስምሩበት።

ደረጃ 6፦ ከአካባቢዎ ዐረፍተ ነገር ይሥሩ

ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ስለሚያውቁት ነገር ይጻፉ፦ ስለ ፋብሪካው ጨርቅ፣ ስለ ቦርከና ወንዝ፣ ስለ ጦሳ ተራራ። የመጽሐፍ ዐረፍተ ነገር መገልበጥ ቃሉ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድ በእጅዎ አያሳይዎትም። ጽፈው ሲጨርሱ ለአስተማሪ ወይም ለሚሻል ጓደኛ ያሳዩ፤ ሥሩን በትክክል አውቀው ቃሉን ያለቦታው ሊያስገቡት ይችላሉና።

ደረጃ 7፦ እያራራቁ ይከልሱ

በካርዱ ፊት ቃሉን፣ በጀርባው ክፍሎቹንና ትርጉሙን ይጻፉ። በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ይከልሱ። ቃሉ ሊጠፋ ሲል መልሶ ማውጣት በአንድ ምሽት ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሱ ከሆነ ሚኒባሱ ሐረጎን እስኪወርድ ድረስ የዕለቱን ካርዶች መጨረስ ይቻላል። የሳቱትን ካርድ ወደ ማግሥቱ ክለሳ ይመልሱት።

ሥሮችን እንዴት ይመርጣሉ?

ከኢንተርኔት የተገኘ የብዙ ሥሮች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች መሸምደድን አልመክርም፤ ቃላትን ያለዝምድና ከመሸምደድ ምንም አይለይም። ከሚያነቡት ይምረጡ። በልብስና በጨርቅ ሥራ ላይ ላለ ሰው መሸመን ከሚለው ሥር «ቴክስታይል»፣ «ቴክስቸር»፣ «ቴክስት» እና «ኮንቴክስት»፣ እጅ ከሚለው «ማኑ» ደግሞ «ማንዋል»፣ «ማኑስክሪፕት»፣ «ማኑፋክቸሪንግ» ይጠቅሙታል። ለጤና ተማሪ ብግነትን የሚያመለክተው «አይቲስ» ብዙ በር ይከፍታል፦ «ጋስትራይቲስ» የጨጓራ፣ «ሄፓታይቲስ» የጉበት፣ «አፔንዲሳይቲስ» የትርፍ አንጀት ብግነት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ባዮ» ሕይወት፣ «ጂኦ» ምድር፣ «ሃይድሮ» ውሃ፣ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሎጂ» ጥናት ለመጀመሪያው ወር በቂ ናቸው፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በሳይንስ መጻሕፍቱ ውስጥ በየምዕራፉ ያገኛቸዋል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

ምንጩን እንደ ዛሬ ትርጉም መውሰድ። «ማኑፋክቸሪንግ» በምንጩ በእጅ መሥራት ነው፣ ዛሬ ግን በማሽን የሚመረተውን ይገልጻል። «ኦክቶበር» ስምንት ከሚል ቃል የወጣ ሲሆን በአሁኑ አቆጣጠራቸው አሥረኛ ወር ነው። ደስ የሚል ማለት የሆነው «ናይስ» በላቲን ምንጩ የማያውቅ ማለት ነበር። ምንጩ ለማስታወስ ይረዳል፤ ትርጉሙን የሚወስነው ግን የዛሬ አጠቃቀም ነው።

በአማርኛ የገባውን ቃል ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ማድረግ። «ፋብሪክ» በእንግሊዝኛ ጨርቅ እንጂ ፋብሪካ አይደለም፤ ፋብሪካ «ፋክተሪ» ነው። የእኛው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው፣ የሩቅ ምንጫቸው ላቲን አንድ ቢሆንም። በጋራዥም «ፍሪሲዮን» የምንለው በእንግሊዝኛ «ክለች» ሲሆን፣ «ፍሪክሽን» ሰበቃ ነው። «ካንዴላ»ም እንዲሁ፤ «ካንድል» ሻማ ነው እንጂ የሞተር ካንዴላ አይደለም። ለሥራ ቅጥር ፈተና የሚቀርብ ሰው እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ይያዝ።

ቅጥያ ያልሆነውን መቁረጥ። አጎት ማለት የሆነው «አንክል» በአፍራሹ «አን» አይጀምርም፤ «ሚሳይል»ም ከተሳሳተ ከሚለው «ሚስ» ሳይሆን መላክ ከሚል የላቲን ሥር ነው። ቅጥያውን ሲቆርጡ የሚቀረው ክፍል በመዝገበ ቃላቱ የምንጭ ክፍል ካልታየ አቆራረጡ ስሕተት ነው።

የሚያምር ታሪክን ሳያረጋግጡ መቀበል። «ኒውስ» የአራቱ ማዕዘናት ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ጥምር ነው የሚለው ወሬ በስፋት ቢነገርም እውነት አይደለም፤ ቃሉ አዲስ ከሚለው «ኒው» የመጣ ነው። አራት ፊደላት አራት ቃላት ናቸው የሚል ማብራሪያ ሲሰሙ ሁልጊዜ ያጣሩ።

አጫጭሮቹን የዕለት ቃላት ለመፍታት መሞከር። «ሃንድ»፣ «ዋተር»፣ «ቱዝ»፣ «ሰን» የመሳሰሉት ለተማሪ በሚጠቅም መልኩ አይፈቱም። እነዚህን ከላቲን ወይም ከግሪክ አቻቸው ጋር በጥንድ ይጻፏቸው፦ ቱዝ ከ«ዴንታል»፣ ሰን ከ«ሶላር»፣ ሃንድ ከ«ማንዋል»፣ ዋተር ከ«ሃይድሮ»። የመጀመሪያው በንግግር፣ ሁለተኛው በሰሌዳና በመጽሐፍ ስለሚመጣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «ጊቭ አፕ» የመሳሰሉት ጥምር ግሦች ደግሞ ከክፍሎቻቸው አይገመቱም፤ መስጠትንና ወደ ላይን ቢደምሩ ተስፋ መቁረጥ አይወጣም። ለእነርሱ የደብተሩን የመጨረሻ 10 ሉክ ይተዉና እያንዳንዱን ካገኙበት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጋር ይጻፉ።